የዐፊፋ ገመና

ልጄ ዐርዋ፣ አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ናፍቆቴ ይድረስሽ። አባትሽ ደህና ነው፤ ማንጎውም ዘንድሮ በርትቶ አፍርቷል።

እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አየሁ። ለኮሮና ተብሎ ስልካችን ላይ የት እንደዋልን የሚያሳይ መከታተያ ተጭኖልን ነበር። ጎረቤታችንን ዐፊፋን ከታማሚ ጋር ነበርሽ አሏት። ከጤና ቢሮ የመጣው ሠራተኛ ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ፣ «ስልክሽ እስር ቤት ሄደሻል ይላል፤ ማን ታስሮብሽ ነው?» አላት። ልጇን ማንኩሽ ከተማ ሥራ ላይ ነው እያለች ስትሸፍነው የኖረችው ወጣ። ሽንኩርቷን እንደተዘረጋ ጥላ ሄደች።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ለጤናችሁ ነው፣ እናቴ» አለኝ።

«ጤናችንን ጠብቅ አልን እንጂ ገመናችንን ዘርግፍ አልንህ?» ብዬ መከታተያውን ከስልኬ ላይ እዚያው አስጠፋሁት። እሱ አስጠላኝ፤ ቆመው እየሰሙ የሳቁት ገበያተኞች ደግሞ ይበልጥ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ለዐፊፋ ደውዪላት፤ ስለ ልጇ ግን አትጠይቂያት።

እናትሽ