አጭር መጽሐፍ ለጋሼ

ማክሰኞ
ያመጣሁትን መጽሐፍ ጋሼ አልወደደውም። አሥር ገጽ እንዳነበብኩለት እጁን አነሳ። «ስለ ሰው ነው ይላል እንጂ ሰው የለበትም፤ ቁጥር ብቻ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሃያ ዓመት አስተምሯል። ስኳሩ ዓይኑን ስለወሰደበት፣ ብሩክሊን ሴንተር ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ኩላሊቱን በማሽን ሲያጥቡለት አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ።

ትእዛዙ ይሄ ነው፦ እውነተኛ ታሪክ። ስለ ተራ ሰው። አጭር። አጭሩን ሁለቴ ተናገረ። ድሮ ቀጭን መጽሐፍ ሲያይ «ይሄ ለቁርስም አይበቃም» ነበር የሚለው።

ረቡዕ
ከሥራ በቀጥታ ላይብረሪ። ሚያዝያ ገብቶም በረዶው አልለቀቀንም። መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ ቀጫጭኑን ሁሉ አወረድኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰው ከሌለ መለስኩት። መጨረሻ ላይ አንድ ተገኘ፦ ሆቴል ስለሚያጸዱ ሴቶች፣ ዘጠና ስድስት ገጽ። ቆሜ ሳነብ ሳቄ መጣ።

ሐሙስ
ወደደው። አንዷ እንግዶቿን በትራሳቸው የምታውቅበት ቦታ ላይ «እስቲ ድገሚልኝ» አለ። እንግሊዝኛዬንም እንደ ተማሪው ሲያርመኝ ዋለ። ግማሹን ጨረስን።

መኪና ውስጥ ለምን አጭር እንደፈለገ ጠየቅሁት።

«የጀመርኩትን መጽሐፍ ሳልጨርስ ትቼ አላውቅም። ከፋሲካ በኋላ ማሽኑ ይበቃኛል። ለዶክተሩም ነግሬዋለሁ። ደክሞኛል እህቴ።»

ድራይቭ እያደረግሁ መንገዱን ብቻ አየሁ። ፋሲካ አሥር ቀን ቀርቶታል።

ዓርብ
የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ አለቀስኩ። የማነጥፍላት አሮጊት መሀረብ ሰጠችኝ። ጋሼን ልለምነው አልችልም፤ መርፌው የሚገባው የሱ ክንድ ውስጥ ነው። ግን እንዲሞትብኝ አልፈልግም። ለሌላ ሰው ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው።

የጀመረውን አይተውም። እንግዲያው ቶሎ የማያልቅ ልጀምርለት። ላይብረሪ ተመልሼ ሄድኩ። ስለ አንድ ሰፈር ሰዎች፣ ስድስት መቶ አርባ ገጽ።

ቅዳሜ
የሆቴል ሴቶቹ መጽሐፍ አለቀ። ጊዜ ስለተረፈን ወፍራሙን ከቦርሳዬ አወጣሁና ምንም ሳልል ማንበብ ጀመርኩ። ቤቱን ልሽጥ አልሽጥ እያለ ከሚስቱ ጋር ስለሚጣላ አንድ ጫማ ሠሪ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ ጋሼ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አድርጎ ውፍረቱን ዳሰሰ።

«ይሄ ነው አጭር?»

«ፊደሉ ትልልቅ ነው» አልኩ። ዋሸሁ።

ከዚያ «አንቺ ተንኮለኛ» አለኝ። ስቆ ይሁን ከፍቶት መለየት አቃተኝ። መጽሐፉን ግን አልመለሰልኝም፤ ማሽኑ እስኪያበቃ ጭኑ ላይ ይዞት ቆየ።

መኪናው ጋ ስንደርስ «ሰውየው ቤቱን ሸጠው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ። ማክሰኞ እናየዋለን።»

«እሺ፣ ማክሰኞ።»

ማክሰኞ ሕማማት ነው፤ ፋሲካ ገና አልደረሰም። ከፋሲካ ወዲያ ያለውን አልጠየቅሁትም።