ጨዋታ አቀጣጣይ ሲጠብቁ ያረጁት ረቢ ሆርሚዝ ዮናን

ረቢ ሆርሚዝ ዮናን ከአባታቸው ከአቶ ዮናን ዛያ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሹሻን ኢሻያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1951 በኢራቅ፣ በሀባኒያ ተወለዱ። አባታቸው በእንግሊዞች የአየር ኃይል ሠፈር ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ሕፃኑ ሆርሚዝ በእግራቸው ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ ያገኙት የመጀመሪያው መጫወቻ ወታደሮቹ የጣሉት የቆዳ ኳስ ነበር።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ቤተ ዘመድ የመረጠኝ እኔን የባለቤታቸውን የወይዘሮ ናህሪንን ታናሽ ወንድም ቲግላትን ነው። በወጣትነቴ ተከላካይ ነበርኩ። ረቢ ሆርሚዝ ይህን ቢሰሙ ኖሮ፣ “የሕይወት ታሪኬን ለተከላካይ ሰጣችሁት? ሁለት መስመር ጽፎ ይጠልዘዋል!” ማለታቸው አይቀርም ነበር። የቻልኩትን ያህል መሬት ለመሬት እይዘዋለሁ።

በልጅነታቸው አንድ ጠባይ ነበራቸው። ኳሱ እግራቸው ሥር ከመድረሱ በፊት አንገታቸውን ዞር አድርገው ከኋላቸው ማን እንዳለ ያዩ ነበር። እናታቸው ይህንን የአንገት ሕመም አድርገው ስለቆጠሩት ቄስ ዘንድ ወስደው ዘይት አስቀቧቸው። ዘይቱ አልሠራም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሻይ እንኳ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ወደ ኋላ ነበር የሚያዩት።

የእንግሊዞቹ ሠፈር ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ ባግዳድ መጥቶ በዶራ ሠፈር ተቀመጠ። ረቢ ሆርሚዝ በዚያው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በ1970 በሠፈሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በቴክኒሺያንነት ተቀጠሩ። ለማመንጫው ቡድን በመሀል ሜዳ ተጫወቱ። በዚያ ዘመን እሳቸው ያቀበሉንን ኳስ ስንቀበል ሁላችንም ከነበርነው በላይ ጎበዝ እንመስል ነበር፤ ይህን የምለው አማች ስለሆንኩ አይደለም።

በ1975 ለብሔራዊ ቡድን ተጠሩ። አሰልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት፣ “አንተ ልጅ፣ ቆመህ ታስባለህ። እኔ የምፈልገው የሚሮጥ ነው” አላቸውና ወደ ተቀያሪ ወንበር ሰደዳቸው። የአገሩን መለያ ለብሰው የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ፣ ያውም ሊያልቅ ሲል ነው። እኔ ስታዲየም ነበርኩ። ኳስ ደረሳቸው፣ ዞር ብለው አዩ፣ በሁለት ተከላካዮች መሀል ሰንጥቀው ሰደዱት። ይሮጣል የተባለው አጥቂ ግን እንደዚያ ያለ ኳስ በሕይወቱ ተቀብሎ አያውቅምና ቆሞ ቀረ፤ ኳሱም ወጣ። ሕዝቡ አፏጨባቸው። ከዚያ በኋላ አልተጠሩም። ዕድሜያቸውን ሁሉ፣ “ኳሱ ልክ ነበር” ሲሉ ኖረዋል። ልክ ነበር።

ግንቦት 1978 ከወይዘሮ ናህሪን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ኒኖስ፣ አቱር እና ሻሚራም የተባሉ ሦስት ልጆችን አፈሩ። ከጎረቤት አገር ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ወደ ባስራ ግንባር ዘምተው፣ በ1988 ጉልበታቸው ውስጥ የብረት ስብርባሪ ይዘው ተመለሱ። ያኔ መጫወት አከተመ። በቀጣዩ ዓመት ከወንዙ ዳር ባለው አቧራማ ሜዳ የሠፈሩን ልጆች ማሠልጠን ጀመሩ፤ ሠፈሩም ረቢ፣ መምህር፣ እያለ ይጠራቸው ጀመር። በአገራችን ላይ የተጣለው ማዕቀብ በጠናባቸው ዓመታት ልጆቹ የሚጫወቱበት ኳስ ከላይ እስከ ታች የተጣፈ ነበር። ረቢ ሆርሚዝ ግን የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ያልሆኑትን አንድ ልጅ ሆኖ ማየት። በኢራቅ መለያ መሀል ሜዳ ላይ የሚቆም፣ ቀና ብሎ የሚያይ፣ ሌላው ያላየውን ኳስ የሚያቀብል አንድ አቀጣጣይ።

ምኞቱ ቀላል ይመስላል። አገራችን ግን ሯጭና ረዥም ሰው እንጂ አቀጣጣይ አታበቅልም ነበር። ታዳጊ ቡድን በሚባለው ውስጥ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ዕድሜያቸውን አስቀንሰው የገቡ ጎረምሶች ተሰልፈው፣ ትንሹንና ብልሁን ልጅ በትከሻቸው ገፍተው ይጥሉታል። አሰልጣኙም ነገ እንዳይባረር ዛሬን ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ኳሱ ከግብ ጠባቂው ተነስቶ በሰው አናት ላይ ሲበር መሀል ሜዳችን የመንገደኛ መተላለፊያ ሆኖ ቀረ።

ረቢ ሆርሚዝ ልጆችን የሚመርጡበት መንገድ እንደ ሌላው አልነበረም። በረመዳን፣ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው አቡ ሙህሲን የሚመራው የሠፈሩ የቀለበት ጨዋታ ቡድን ነበር። አንደኛው ወገን በረድፍ ተቀምጦ ጡጫውን ጨብጦ ይዘረጋል፤ ቀለበቱ ከነዚያ ሁሉ ጡጫዎች በአንዱ ውስጥ ነው። የሌላው ወገን ፈላጊ ፊት ለፊት እየተመላለሰ የእያንዳንዱን ዓይን አይቶ፣ ባዶ የመሰለውን እያስከፈተ፣ በመጨረሻ “አምጣው!” ይላል። የዶራ ፈላጊ ክርስቲያኑ ሆርሚዝ ነበሩ። ከማዶ የመጡት፣ “ደግሞ ይኼን አሦራዊ ከየት አመጣችሁት?” ሲሉ፣ አቡ ሙህሲን በበኩር ልጃቸው ስም እየጠራቸው፣ “አቡ ኒኖስ ጾሙን ባይጾምም ሌባውን ያውቃል!” እያለ ይስቅ ነበር።

ረቢ ሆርሚዝ፣ “ከዚህ ጨዋታ አንድ ነገር ተማርኩ” ይሉ ነበር። ቀለበቱን ጨብጦ ፊቱ የማይለዋወጥ ልጅ፣ ተጋጣሚ ሲከበውም ኳስ ይዞ አይደነግጥም። ስለዚህ በየረመዳኑ የሠፈሩን ልጆች በረድፍ ያስቀምጡና ቀለበት ያስደብቋቸዋል። ፊቱ ያልከዳውን ወደ መሀል ሜዳ፣ ፊቱ የተርበደበደውን ወደ ሌላ ቦታ። በ2001 የአቡ ሙህሲን የመጨረሻ ልጅ ገዝዋን ተቀመጠ። እሳቸው ራሳቸው ፈላጊ ሆኑ፤ የሁሉንም ጡጫ አስከፈቱ፤ ቀለበቱ የተገኘው ሁሉም ካለቀ በኋላ በገዝዋን እጅ ነበር። ልጁ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመጡ እኅቴን፣ “ናህሪን፣ አገኘሁት” አሏት። ቀለበቱን መስሏት ነበር።

ገዝዋን እውነትም ተአምር ነበር። እኔ ለሰው ምስጋና የማልቸኩል ሰው ነኝ፤ ያ ልጅ ግን ኳስ ሲይዝ ሜዳው ይሰፋ ነበር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በሃይማኖት ተለያይቶ ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ፤ የእኛ ክርስቲያኖች ቤታቸውን እየዘጉ ወጡ። በ2007 መጀመሪያ አቡ ሙህሲን ራሱ ረቢ ሆርሚዝንና ናህሪንን በዳቦ መኪናው ጭኖ፣ በየኬላው፣ “ወንድሜና ሚስቱ ናቸው” እያለ በሰሜን ወዳለችው ወደ ክርስቲያኖቹ ከተማ ወደ ዓንካዋ አደረሳቸው። ልጆቻቸው ቀድመው ስዊድን ገብተው ነበር። በዚያው ዓመት የወላጆቻቸው መግቢያ ፈቃድ ወጣ። ረቢ ሆርሚዝ ግን አልሄድም አሉ። ገዝዋን በየክረምቱ ዓንካዋ እየመጣ ከእነሱ ጋር ይቀመጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ሜዳ አብሯቸው ይለማመድ ነበርና።

እኅቴ፣ “አንተ ሰውዬ፣ የራስህ የልጅ ልጆች አሉህ እኮ። የሰው ልጅ ኳስ ሲመታ እስክታይ እኔን እዚህ ትቀብረኛለህ?” አለቻቸው።

“ገዝዋን ይጠራ፤ በዚያ መለያ አንድ ጊዜ ልየው። በማግስቱ ሻንጣሽን እኔ ራሴ እሸከማለሁ” አሏት።

በዚያው ዓመት በሐምሌ አገራችን የእስያን ዋንጫ ስታነሳ መንገዱ ሁሉ ጨፈረ፤ እሳቸውም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሲረጋጉ ግን፣ “ይኼ የድሮ እህል ነው፤ ለከርሞ የተዘራው የታለ?” አሉ። ደስታችንን አበላሹብን ብዬ ተቆጣኋቸው። ትክክል እንደነበሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወይዘሮ ናህሪን ኅዳር 2012 በልብ ድካም ዐረፈች። የልጅ ልጆቿን ያወቀቻቸው በስልክ ብቻ ነው፤ አንዳቸውንም በእጇ አልነካችም። በዚህ ጉዳይ አማቼን ይቅር ብያቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። በመቃብሯ ዳር ቆሜ፣ “ምናለበት ነበር ብትሄዱ?” አልኳቸው።

ገዝዋን ለብሔራዊ ቡድን የተጠራው በተከታዩ ዓመት ነው። እኔና ረቢ ሆርሚዝ በዓንካዋ ክበብ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ገዝዋን መሀል ሜዳ ላይ ነው፣ መለያው ልኩ ነው። የመጀመሪያው ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ አንገቱን ዞር አድርጎ አየ። ረቢ ሆርሚዝ ክንዴን ጨመቁኝ። በቀኝ በኩል አንድ አጥቂ ብቻውን፣ ሜዳው ተከፍቶለት ይሮጣል፤ እኔ ተከላካዩ እንኳ አየሁት። ገዝዋንም አይቶታል። አይቶት ኳሱን ወደ ላይ ጠለዘው። ተመልካቹ አጨበጨበ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ጨዋታው እስኪያልቅ እንደዚያው። የጨዋታው ተንታኝ “ኃላፊነት የሚሰማው ወጣት” ብሎ አመሰገነው። ረቢ ሆርሚዝ እጃቸውን ከክንዴ ላይ መቼ እንዳነሱ አላስታውስም።

ከጨዋታው በኋላ ገዝዋን ደወለ። ስልኩን እኔ ስለያዝኩላቸው የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

“ረቢ፣ አዩኝ?”

“አየሁህ።”

“እንዴት ነበርኩ?”

“ገዝዋን፣ በቀኝ የሮጠውን ልጅ አይተኸው ነበር?”

“አይቼዋለሁ ረቢ። ግን ባበላሸውስ? ሁለተኛ አይጠሩኝም። አሰልጣኙም ከተሸነፈ ይባረራል። ‘ያየኸውን ለራስህ ያዘው፣ ኳሱን ከፊታችን አስወግድ’ ነው ያለኝ” አለ።

“እሺ ልጄ። በርታ” አሉት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ “ቲግላት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሚደብቀውን መረጥኩ። ፈላጊውን መምረጥ ነበረብኝ። ይኼ ልጅ ያለውን ከእኔ እንኳ መደበቅ የሚችል ልጅ ነው፤ አሁን ከአገር ደበቀው።”

“ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ ልጆች መሀል ፈላጊ አልነበረም?” አልኳቸው።

“ነበሩ እንጂ። አፋቸው አያርፍም፣ እግራቸው አይረጋም፣ ያዩትን ሳይጠየቁ የሚናገሩ ረባሾች። ፊታቸው ሁሉን ነገር ያወጣል። እኔ ምን አደረግኳቸው መሰለህ? የመስመር ተመላላሽና ተከላካይ አደረግኳቸው። ‘አታስብ፣ ሩጥ’ እያልኩ።”

ያኔ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ የዶራው ሜዳ ላይም ሱቅ ተሠርቶበታል። እንደገና የሚጀመር ነገር አልነበረም። ስዊድን ካሉት ልጆቻቸው ጋር እንዲሆኑ ብንለምናቸውም፣ “ያለ ናህሪን የማንን ሻንጣ ተሸክሜ እገባለሁ?” አሉ።

ገዝዋን እስከ 2021 ድረስ በብሔራዊ ቡድኑ ቆየ፤ ኳስ በማስወገድ የተመሰገነ ተጫዋች ነበር። ረቢ ሆርሚዝ አንዱንም ጨዋታ ሳያዩ አልቀሩም። ለምን እንደሚያዩ ስጠይቃቸው፣ “አንድ ቀን የደበቀው ሊያመልጠው ይችላል” ይሉ ነበር። አላመለጠውም። ከእሱ በኋላ የመጡትም ከእሱ የባሱ ነበሩ፤ እሱ ቢያንስ ያይ ነበር።

ረቢ ሆርሚዝ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ገዝዋን ከባግዳድ መጥቶ አስታመማቸው። አሁን እሱም ታዳጊዎችን ያሠለጥናል። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ “ከልጆችህ መሀል የሚያይ አለ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“አንድ ነበር፣ አጎቴ። ቀኝ ተመላላሽ አደረግኩት። ወላጆቹም ክለቡም ማሸነፍ ነው የሚፈልጉት” አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወደ ክፍሉ ስገባ ረቢ ሆርሚዝ የአፍንጫ ቱቦውን ገለል አድርገው፣ “ምን አለህ? ልጅ አግኝቷል?” አሉኝ። ለሚሞት ሰው ይዋሻል ወይስ እውነቱ ይነገራል? ሳመነታ ፊቴን አዩት። እሳቸው ፊት ማንበብ ያውቃሉ። “ተወው” አሉኝ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተናገሩም። መስከረም 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በዓንካዋ በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር፣ በባለቤታቸው በወይዘሮ ናህሪን ጎን ይፈጸማል። ልጆቻቸው ኒኖስ፣ አቱርና ሻሚራም፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውም በሕይወት አሉ፤ ለቀብሩ ግን አልደረሱም። አስከሬናቸውን ከሚሸከሙት መካከል ገዝዋን ይገኛል። አቡ ሙህሲን መጓዝ ስለማይችል ኀዘኑን በልጁ በኩል ልኳል።

ዛሬ ማታ ብሔራዊ ቡድናችን ይጫወታል። ከቀብር መልስ ብዙዎቻችሁ እንደምታዩት አውቃለሁ፤ እኔም አያለሁ፤ የምናየውንም ሁላችንም አስቀድመን እናውቀዋለን። እኅቴ የልጅ ልጆቿን ጠብቃ ሳታይ ሄደች፤ ረቢ ሆርሚዝም የጠበቁትን ሳያዩ ተከተሏት። እግዚአብሔር ለሁለቱም ከእንግዲህ ምንም የማይጠበቅበትን ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።