«አትንቀሳቀሱ!» ያልሁበት ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 1፡30

ባትሪ ቻርጅ ላይ። ሌንስ ተጠርጓል። ዛሬም ሁለት ካሜራ ይከተለኛል፤ አንዱ ፊቴን፣ አንዱ እጄን። ደብተሬ፣ ሳትቀርጪኝ የምትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ከፋሽን ፎቶ ወደ ቪዲዮ ስሻገር ቀን በቀን የሚያሳይ የቴሌቪዥን ሪያሊቲ ፕሮግራም ነው። ቀራጮቹ ከአዲስ አበባ ናቸው። አዘጋጇ ሊዲያ ሁሉንም ሰው «ማሬ» ትላለች፤ ባጃጅ ነጂውን ሳይቀር። የመጀመሪያ ሥራዬ የእትዬ ዘይነብ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ማስታወቂያ ነው። ካማረ በስሜ ይወጣል። በስሜ! የቀድሞ አለቃዬ ተፈራ ስቱዲዮ ሦስት ዓመት ያነሣሁት ሁሉ በእሱ ስም ወጥቷል። ጣና ዳር ደንገሉ መሀል የቆመችው የባለ ቀይ ነጠላዋ ፎቶ እንኳ። ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ተሸለመባት። ስጠይቀው ካሜራው የማን ነው አለኝ። ያን ቀን ወጣሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመቴ። «ጋሼ» ማለቱንም ያን ቀን ተውሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጉድ ሆንሁ። ትናንት ሽምብጥ ሰፈር፣ ዓባይ ወንዝ ዳር ቀረጽሁ። ሞዴሎቹ ሲራመዱ ልብሱ አማረ፤ ሳላስበው ጮህሁ፦ «አትንቀሳቀሱ!» ቆሙ። ደግሜ። አሁንም ደግሜ። ስድስት ዓመት አፌ ላይ የኖረ ቃል ነው። ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሦስት ሴቶች እንደ ሐውልት ደርቀዋል። ይህ ቪዲዮ ነው? የሊዲያ ሰዎች ሳቃቸውን አፍነው አንድም ሳያስቀሩ ቀርጸውኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የመጀመሪያው ክፍል ተላለፈ። ከነማሾፊያ ሙዚቃው። ተፈራም አለበት! ሊዲያ ሳትነግረኝ አናግራዋለች። እኔ ነኝ ያስተማርኋት ይላል፤ ገና ልጅ ናት ይላል። የባሰው፦ እሱም ለእትዬ ዘይነብ ማስታወቂያ ሊሠራ ነው። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ሁለቱም ማስታወቂያዎች ሱቁ ውስጥ ይታያሉ፣ እትዬ አንዱን ይመርጣሉ። ሊዲያን ተቆጣኋት። «ማሬ፣ ድራማ እኮ ነው!»

ዓባይ ማዶ ስሻገር የባጃጅ ነጂው አወቀኝ። «አንቺ አትንቀሳቀሱ! ልሂድ ወይስ ልቁም?» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። «ንዳው! አንተስ ቆመህም አታምር!» አልሁት። ይባስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ከሰዓት 9፡00

ያን የተሳቀበትን ቀረጻ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ሴቶቹ ደርቀዋል፣ ጥለቱ ግን በነፋስ ይነሣል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ሰው ሲራመድ ዓይን እግሩን ይከተላል። ሰው ቆሞ ልብሱ ብቻ ሲንቀሳቀስ ክሩ ይታያል! ስሕተቴን አልጥለውም።

ሮጬ ሐይቁ ዳር። አያ ሙሉዓለም የደንገል ታንኳ አላቸው። ሰው ሁሉ የሚቀርጸው ጠዋት፣ ሐይቁ ሲተኛ ነው፤ እኔ የምፈልገው ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲነሣ። «ልጄ፣ ቀሚስ ለማራገብ ብለሽ እኔን ልታሰጥሚኝ?» ግን እሺ አሉ። ዳር ዳሩን፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቀረጽሁ! ሞዴሏ ታንኳው ላይ። «አትንቀሳቀሺ!» አልሁ፣ በዚህ ጊዜ በኩራት። አያ ሙሉዓለም ጎንበስ ብለው ይቀዝፋሉ። ጥለቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። እኔ ውሃ ውስጥ፣ ቀዝቅዞኛል፣ ግድ የለኝም። የሊዲያ ካሜራ ያዥ እኔን መቅረጹን ረስቶ ካሜራውን ወደ ልብሱ አዞረ። አይቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፤ ከሰዓት 10፡00



ሱቁ በገዢ ሞልቷል። የተፈራ ቀደመ። ከሰማይ በድሮን የተቀረጸ ሐይቅ፣ ዘንባባ፣ ድልድይ፣ ጣሪያ፤ ከኋላ ከበሮ። እትዬ ዘይነብ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተፈራ፣ የምትሸጥልኝ ጣናን ነው ወይስ ልብሴን?»

ከዚያ የእኔ። አንዲት ገዢ ጥለቱን ልትዳስስ እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋች። ሲያልቅ እትዬ፦ «ድገሚው።» ደገምሁት። ሳያልቅ ወደ ተፈራ ዞሩ። ስቱዲዮህ የሰቀልሃት ባለ ቀይ ነጠላም እንዲሁ ናት፤ እሷ እንደ ዛፍ ቆማ ጥለቷ ብቻ ይነሣል አሉት። «ጨርቅ ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ የሰው እጅ አይጠፋኝም። ይህ የአንድ ሰው እጅ ነው። እሷን ያነሣት ማን ነው?»

ዝም አለ። ሁለቱም ካሜራ ፊቱ ላይ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ጫማውን አየ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት። ሦስት ዓመት የፈለግሁት መልስ ይኸው ነበር።

ሥራው የእኔ ሆነ። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ስሜ፣ ከነአባቴ ስም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፤ ረፋድ 4፡15

ሊዲያ ማለዳ መጣች። የእትዬን ጥያቄና የተፈራን ዝምታ ቆርጠን እናውጣ፤ ሰውየው ከፍቶታል፤ አሸንፈሻል፣ ምን ጎደለሽ አለች። የመጨረሻው ክፍል ያለ ፊርማዬ እንደማይተላለፍ ውሉ ላይ አለ። ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እሷ አንድ ጊዜም ያነበበችው አይመስለኝም።

ወሰንሁ። ያ ዝምታ እንዳለ ካልገባ አልፈርምም። ሙዚቃ አይጨመርበትም። ከላይም ከታችም አይቆረጥም። ሲያሾፉብኝ ለመቁረጥ ያልዘረጉትን እጅ አሁንም እንዲሰበስቡ በስልክ ጽፌ ላክሁላት።

ስልኩ እየጠራ ነው። ሊዲያ ናት። አነሣለሁ። ግን ትንሽ ትቆይ፤ ዛሬ ሳትንቀሳቀስ የምትጠብቀው እሷ ናት።