ስምንት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት ግርዶሽ

ሰኞ፣ ሰኔ 8። ምሳ ሰዓት።

አራት የመኪና ሞተር ከጭነት መኪና አወረድን። አንዱን ብቻዬን ተሸከምኩት ልል ነበር። ግን ደብተሬ፣ አንቺን መዋሸት ገና አልጀመርኩም። የሸክም ባልደረባዬ ታምራትም በአንድ ጎን ይዞ ነበር። ትንሽ። በጣት።

ጥግሽ ላይ ያለው የግሪስ አሻራ የኔ ነው። ድሮ ስፈርም እንደዚህ ነበር። አሁን ስሜን ከነአያቴ እጽፋለሁ። የማታ ትምህርቱን ኮሮና ባይዘጋብኝ ይሄኔ ዶክተር ነበርኩ።

ትልቁ ወሬ የእድራችን ነው። ሶማሌ ተራ ውስጥ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፍቶ የሚለፍፈው ማን ነው? ደምሴ። ድምፄ ምናለሽ ተራ ድረስ ይሰማል። አሁን ግን መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ ማስታወቂያ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ይሁን ተባለ። ሰሌዳው የእድሩ ዳኛ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሏል። ጠመኔውን ማን ይያዝ የሚለውን ኮሚቴው የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ይወስናል። እስከዚያ በሙከራ እኔ ነኝ። ሙከራ! ያንን ጠመኔ ከእጄ የሚያስጥለኝ አልተወለደም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10። ከ.ሰ.

(ከ.ሰ. ማለት ከሰዓት በኋላ ነው። ምህጻረ ቃል ይባላል። እኔም እጠቀማለሁ።)

ታምራት ስልኩ ላይ የመጣ ነገር እንዳነብለት ሰጠኝ። እሱ ከፊደል ጋር አይተዋወቅም። አነበብኩ። ላቤ መጣ፣ ግን አነበብኩ። እሑድ ፀሐይ ልትጋረድ ነው! ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት፣ እኛ ዘንድ ትንሽ ጫፍ ብቻ ሲቀራት። በባዶ ዓይን ማየት ክልክል። ሰዓቱ 8:00።

ወዲያው ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። «ግርዶሽ። እሑድ። ስምንት ሰዓት።» ከቀብር ሌላ የመጀመሪያ ማስታወቂያዬ። «ግርዶሽ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኳት። ቆንጆ ሆነች።

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ። እርግጠኛ ነህ ወይ አሉኝ። የግርዶሽ ሶላት አለ፣ ፀሐይዋ ተጋርዳ ሳለ ነው የሚሰገደው፣ ካለፈ አለፈ። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ሰግደዋል፣ ከዚያ ወዲህ አልገጠማቸውም። እሑድ ሱቅ አይከፍቱም፣ ግን እኛ ጋ ሆነው ሊሰግዱ ይመጣሉ። አንገቴን እሰጣለሁ አልኳቸው። አንገትህ ይቆይህ፣ ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ አሉ።

ስምንት ሰዓት፣ ጋሼ። ተጽፏል።

ዓርብ፣ ሰኔ 12።

ታምራት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሰምቶ መጣ። ግርዶሹን ጠዋት ነው የሚሉት ይላል። ተሳቀበት። እኔ ነኝ ያሳቅሁበት። አንተ በጆሮህ፣ እኔ በዓይኔ፣ አልኩት። የሰማ ይረሳል፣ ያነበበ ይመሰክራል። (ተረት አይደለም፣ እዚያው የፈጠርኩት ነው። ምርጥ ናት።)

«እሺ ፕሮፌሰር፣ ፀሐይዋንም አንተው ነህ የምታዛት?» አለኝ።

«በስምንት ሰዓት ቀጥሬያታለሁ» አልኩት።

ከጋራዥ ጥቁር የብየዳ መስታወት ተዋስኩ። አምፖል አየሁበት። ምንም አይታይም። ፀሐይ ግን ትታያለች ተባልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13።

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ። የእትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት ላስቲክ ስር ተጠልዬ ነው የምጽፈው። ደሴ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ምላሳቸው ግን ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ነገም እንዲህ ከሆነ ምን ታያለህ አሉኝ። ደመናውን በጡሩምባ እበትነዋለሁ አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሽ ሸ. ከቤታቸው ሊመጡ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 14። ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።

ሰማዩ አመድ ነው። ከዓለም ገና በኩል የሚረባ የጭነት መኪና አልመጣም፣ አንድ የመለዋወጫ ካርቶን ብቻ አወረድን። ከቅድም ጀምሮ እየጨለመ መጣ። ቀዘቀዘ። ቁራዎቹ ዝም አሉ። ከባድ ዝናብ ነው ብዬ ጮህኩ፣ ሸራ አለበስን፣ ካርቶኑን አዳንኩ። ጀግና ነኝ።

እ.ዘ. (እትዬ ዘሃራ) ከዚያ ማዶ ተጣሩ። «ደምሴ! ና እስቲ፣ ሳፋዬ ውስጥ ጨረቃ ገብታለች!»

ብርጭቆ የሚያለቀልቁበት ሳፋ።

«እትዬ፣ የሳሙናው አረፋ ነው!» አልኳቸው ከሸራው ስር።

«አረፋ ቀንድ አለው?» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። አልሄድኩም። ዝናቡም አልመጣም፣ አሁን እንደገና እየነጋ ነው። ለስምንት ሰዓት ጥሩ ምልክት።

በዚያው ቀን። አሥራ አንድ ሰዓት።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቆምን፣ ርቀታችንን ጠብቀን፣ ማስክ አድርገን፣ አንድ የብየዳ መስታወት ለሁላችን። ጋሽ ሸምሱ ውዱ አድርገው (ለሶላት ታጥበው)፣ መስገጃቸውን እንደተጠቀለለ በብብታቸው ይዘው። ዳመና። ስምንት ሰዓት ሞላ። ዳመና። ያው ተጋርዳለች፣ ዳመናው ነው የጋረደን አልኩ። ዳመናው ሰማኝ መሰለኝ፣ ተሰነጠቀ። ወጣች።

ሙሉ። ክብ። እንደ ድፎ ዳቦ።

«ፕሮፌሰር፣ ማንም አልቆረሳትም እኮ!» ታምራት መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

ያን ጊዜ የጋሽ ሸ. ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት። ጠዋት በቴሌቪዥን አይታዋለች፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አባቷ ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀሰቻቸውም። ስምንት ነው ብለው ነግረዋት ነበር። ሰሌዳው ላይ አንብበው።

ስልኩን ዘጉ። መስገጃውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አይ ደምሴ፣ በጡሩምባህ ሳለህ እኮ ሰዓት አሳስተህ አታውቅም ነበር።»

ሄዱ። እኔም ስልኩ ነው የተሳሳተው አልኩ፣ ለቀሩት። አመኑኝ መሰለኝ። አላውቅም።

ሰኞ፣ ሰኔ 15።

ስልኩ አልተሳሳተም። ታምራትን ጽሑፉን እንደገና አምጣ አልኩት። 8:00። የስልኩን ሰዓት አየሁ። የኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘጠኝ ይላል። የፈረንጅ አቆጣጠር። የነሱ ስምንት የኛ ሁለት ነው። ስድስት መቀነስ!

አላውቀውም? አውቀዋለሁ! በየቀኑ የራሴን ስልክ አይቼ እቀንሳለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ። ጽሑፍ ሲሆን ግን አልቀነስኩም። ለካ የተጻፈ ነገር ላይ እጅ አይገባም ብዬ ነው። ታምራት በጆሮው ልክ ነበር። እ.ዘ. በሳፋቸው ልክ ነበሩ። እኔ ብቻ አነበብኩ።

ከመንገዱ ማዶ ሃያ እርምጃ ነበር። እይ ተብዬ፣ ሸራ ስር ተቀምጬ ቀለድኩ።

ዛሬ ሄጄ ምን እንዳዩ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ጠርገው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሳሉልኝ። ቀጭን፣ ሁለት ቀንድ። ውሃው ሲነቃነቅ ትሰበርና መልሳ ትገጥማለች አሉ። ብቻዬን ስላየሁት ዓይኔ ነው የታመመው ብዬ ፈራሁ አሉ። ሻይዬን ቀዝቅዞ ጠጣሁት።

ታምራት መከረኝ። ሰሌዳውን አጥፋው፣ ስልኩ ነው በል፣ ነገ ኮሚቴው ጠመኔውን ይሰጥሃል፣ ማን ያስታውሳል? መጥፎ ምክር አይደለም። እስከ ማታ ምክሩን ይዤው ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16። ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ጋሽ ሸ. በር ላይ ነኝ። ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። በኛ አቆጣጠር።

«ስምንት ሰዓት» የምትለዋን አላጠፋኋትም። ከስሯ ጻፍኩ፦

«እርማት። ግርዶሹ የነበረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስምንት ብሎ ያሳሳተ ስልክ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ታምራት ነግሮኝ ነበር። ያዩት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ ሶላታቸው በኔ አለፈባቸው። ደምሴ።»

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቆንጆ ጽሑፍ ነው። (ይቺን ፍቀጂልኝ።)

ግን የተራው ግማሽ ማንበብ አይችልም። እ.ዘ. አይችሉም። ታምራት አይችልም። ሰሌዳ ላይ ብቻ ትቼው ብሄድ ለሚያነቡት ብቻ ነው ጥፋቴን ያመንኩት። ስለዚህ ጡሩምባዬን ይዤ መጥቻለሁ። ሰው የሞተ እንዳይመስላቸው አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርጌ እነፋለሁ። ከዚያ በድምፄ፣ ምናለሽ ተራ እስኪሰማ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ስሜ አነባታለሁ። ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት። ጠመኔውን ከዚያ በኋላ ለፈለጉት ይስጡ።

እ.ዘ. ከሰል እያራገቡ ነው። ታምራት ከማዶ አይቶኛል፣ እጁን እያወዛወዘ ተው ይለኛል።

ጋሽ ሸ. ከታክሲ ወረዱ። ቁልፋቸው ይሰማኛል። ተነሳሁ፣ ደብተሬ፣ ጡሩምባውን…