በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ስለተሾመው ዘብ

ለሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር የጥበቃ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ነዋሪው ሁሉ እንዲያነበው በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ እንደተሻለው፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛን ደህንነት ግን እዚህ ላይ ብዘረዝረው ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆንብኝ፣ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ትቼዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለሕንፃችን ስለሚያሳዩት ትጋት ማመስገን ይገባኛል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባይነግሩንም ኖሮ ከቀይ እስክሪብቶዎ እንረዳው ነበር። በሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በእጅዎ ሳይታረም አያድርም። የሁለተኛ ፎቋ እናታችን ድመታቸው ጠፍታባቸው «ግራጫ ድመት» ብለው በለጠፉ ጊዜ እንኳ እርስዎ «ግራጫ» የሚለውን ሰርዘው «አመድማ፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ነጭ» ብለው አርመውላቸዋል። ስህተት ተጽፎ እያዩ ማለፍ የማይችሉ ሰው መሆንዎን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአድናቆት ይዤዋለሁ።

እኔ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው፣ ሁለት ሰው በማታስቀምጠው ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስሞርድ የኖርኩት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ ነኝ። የሙያችን ሕግ አጭር ነው። ደንበኛ የካዝናውን ቁጥር ሲያዞር ፊትህን ታዞራለህ፤ ሲሞረድ የተበላሸ ቁልፍ ካለ ባለቤቱ ፊት ሰብረህ ስባሪውን ታስረክበዋለህ፤ የሰው ቁልፍ ቅጂ አንተ ዘንድ አይቀርም። ይህን የማነሳው ራሴን ላወድስ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ቅሬታዎች ከየት እንደመጡ እንዲረዱልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ። ከምርጫ ድካም ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ ከመውጣቱ በፊት እኔና ባለቤቴ ለቤታችን ኮምፒውተር የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የትኛው የደኅንነት ፕሮግራም እንደሚሻል ስንከራከር ለልጃችን ባል የምንመርጥ እንመስል ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኙ የባለቤቴ ወንድም ሊኑክስ ይጫንላችሁ ይላል፤ ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው ስለሚል እኔም ሐሳቡን ወድጄው ነበር፤ ጥሩ መቆለፊያ አሠራሩን ሁሉ ሰው ቢያውቀውም ያለ ቁልፉ አይከፈትምና። የሒሳብ መምህርት የሆነችው ባለቤቴ ደግሞ የለመደችው ዊንዶውስ በጊዜው አፕዴት ከተደረገና ከራሱ ጋር የመጣው ጠባቂ ካልተዘጋ ይበቃናል ትላለች፤ አዲስ መልክ መልመድ ለዓይኗ እንደሚከብዳት ስትናገር ያኔ ልብ አላልኩትም። ክርክራችን ሳይቋጭ የእርስዎ ማስታወቂያ ወጣ። ሕንፃው አንድ የኢንተርኔት መስመር ስለሚጋራና የአንዱ ቤት ቫይረስ ለሌላው ስለሚተርፍ፣ የእያንዳንዱ ቤት ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ኮሚቴው የመረጠው ሲስተምና «ዘብ» የተባለው የጥበቃ ፕሮግራም እንዲጫንበት፣ እምቢ ያለ መስመሩ እንዲቆረጥበት ተወሰነ።

መቆለፊያ ሊገዛ የሚመጣን ሰው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ሁልጊዜ እመክረዋለሁ፤ ማን ሠራው፣ ቁልፉ ስንት ነው፣ ከእኔ ሌላስ ማን ዘንድ ይገኛል። እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ስለ ዘብ በነዋሪዎቹ ስብሰባ ላይ ባቀርብ፣ ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ብለው በፈገግታ መለሱልኝ፤ ሰውም ሳቀ፣ እኔም ተቀመጥኩ። መልሱ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ እስከዛሬ እያሰላሰልኩ ነው።

ሁለተኛ። ፕሮግራሙን ለመጫን ራስዎ ድረስ በመምጣትዎ ክብር ተሰምቶናል። ጫማዎን በሚገባ ጠርገው፣ ፍላሹን ከፖስታ አውጥተው፣ በባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ ቆዩና የይለፍ ቃል የሚሞላበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እኔና እሷ ፊታችንን እንድናዞር በትሕትና ጠየቁን። ሃያ ስድስት ዓመት ፊቴን ለሰው ካዝና ያዞርኩ ሰው ነኝና አንገቴ ለምዶታል፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ ላይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳው ላይ ከመብራት ማጥፊያው እስከ ጣሪያው የሚደርስ ስንጥቅ እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ስለ እሱም ምስጋናዬን ይቀበሉ።

ሦስተኛ። ያንን የይለፍ ቃል በአንዲት ትንሽ ሰማያዊ ካርድ ላይ ጽፈው የደረት ኪስዎ ውስጥ ከተው ቆለፉት። ለእኛ ለባለቤቶቹ ቅጂ አልደረሰንም።

አራተኛ። ዘብ ከተጫነ ወዲህ ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ድረስ ፂሜን ተላጭቼ እጨርሳለሁ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ንጽሕናዬን ጠብቄያለሁ።

አምስተኛውን እንዴት ባለ ትሕትና እንደምጽፈው ስላላወቅሁ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ወር ሐኪም የባለቤቴ የግራ ዓይን ብርሃን እየደከመ እንደሆነ፣ ቀኙም ሊከተል እንደሚችል ነገራት። ከእኔ በስተቀር ለማንም አልተናገረችም። ልጃችን በሌላ ከተማ የመጨረሻ ፈተናዋን ልትፈተን ሳምንታት ቀርተዋት ስለነበር፣ ፈተናው እስኪያልፍ ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ ለልጇ የምትጽፈውን ደብዳቤ ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጻፈች፣ እየሰረዘች፣ እንደገና እየጻፈች ታስቀምጥ ነበር። እናት ለልጇ እንዲህ ያለ ነገር የምትነግርበትን ቃል መምረጥ ቀላል አይደለምና እኔም አልቸኮልኩባትም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የእርስዎ ባለቤት ደረጃው ላይ ክንዷን ደገፍ አድርገው «አይዞሽ እህቴ፣ ዓይን እኮ ዛሬ ይታከማል» አሏት። ደግነታቸውን አንረሳውም። በማግሥቱ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሳትጠይቀው ዕቃዋን እስከ ቤት ተሸክሞ አደረሰላት። በአራተኛው ቀን ልጃችን፣ ፈተናዋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዚሁ ሕንፃ ልጆች ከአንዷ ሰምታ እያለቀሰች ደወለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከማን አፍ እንደወጣ ግን አናውቅም። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ አየችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ነግረሃል ወይ አላለችኝም፤ «ለማን ነገርክ?» ነው ያለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ ጥያቄ አዲሱ ነው። ማልኩላት፤ ሰማችኝ፤ አላመነችኝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ወንድሟን ጠረጠርኩ፣ ሐኪሙን ጠረጠርኩ፣ ተኝቼ አውርቼ ይሆን ብዬ ራሴንም ጠረጠርኩ፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላልና። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ሱቄ ድረስ መጣች። ሁለት ደንበኞች ከፊቷ ነበሩ፤ ተራዋን ጠብቃ፣ ልክ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ለጽሕፈት ጠረጴዛዋ መሳቢያ መቆለፊያ እንድሠራላትና ቁልፉ አንድ ብቻ እንዲሆን ጠየቀችኝ። ከእንግዲህ ደብዳቤዎቿን በደብተር ልትጽፍ ነው። ሠራሁላት። የመጀመሪያው ቁልፍ ተበላሸብኝ፤ እንደ ሕጋችን ፊቷ ሰብሬ ስባሪውን ሰጠኋት። እሷም ስባሪውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ቤቱን ሲዘጋ ረድቻለሁ፣ በራሴ ላይ መዝጋት ግን እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ዘብ እንደ ልማዱ ደወሉን አሰምቶ «ቤትዎ በሚገባ ተጠብቋል» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ አወጣልን። እኔ እርስዎን አልወነጅልም። ዘብ የጻፍነውን ሁሉ ለማን እንደሚያሳይ ብቻ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ እስከዚህ ያለውን ሰኞ ጠዋት በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ጽፌ፣ «ለኮሚቴው፣ ያልተላከ» የሚል ስም ሰጥቼ አስቀመጥኩት። አላሳተምኩትም፣ ለማንም አላነበብኩትም፣ ባለቤቴም መጻፌን አታውቅም ነበር። ሰሌዳውን የምታነቡ ጎረቤቶቼ እንደምታዩት፣ ከዚህ በታች ያለው በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ጉልበትዎ፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ የተማሪዎቿን ደብተር ወደ ፊቷ አስጠግታ ታርም ነበር። ቁጭ ይበሉ ብንል እምቢ አሉ። ኮሚቴው በልዩ አስተያየት ዘብን ከእኛ ቤት ለማንሳት እንደወሰነ ነገሩን። ጎረቤት በወረቀት መካሰስ እንደማይገባው መከሩን። ካሁን ቀደም በወረቀት የከሰሰዎት ሰው አልነበረምና ምክሩ ከየት እንደመጣ ባለቤቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ተሰናብተው፣ በሩን ይዘው፣ ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉ። ከሰኞ ጀምሮ የጠበቅኩት ያንን ነበር። ዘወር ብለው፣ «ለማንኛውም ካርዱ አረንጓዴ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም» አሉና ወረዱ።

እውነት ነው፣ አረንጓዴ ነው። የጫኑ ዕለት ኪስዎ ውስጥ ሲከቱት እኔም ባለቤቴም አይተነዋል። ሰማያዊ ብዬ የጻፍኩት እያወቅኩ ነው። አንድ ነጋዴ መቆለፊያው ሳይሰበር ሰው መጋዘኔ ይገባብኛል ብሎ ሲመጣ፣ እኛ ቁልፍ ሠሪዎች መቆለፊያውን ወዲያው አንቀይርም፤ በመጀመሪያ በሩ ላይ ቀጭን ክር እንወጥራለን። የሚገባው ሰው ክሩን አያየውም፤ ክሩ ግን ይበጠሳል። ሰማያዊ የምትለው ቃል ክሬ ነበረች። እርስዎ ደግሞ ስህተት ተጽፎ እያዩ ማለፍ የማይችሉ ሰው ስለሆኑ፣ እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ሦስት ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ላልተላከ ደብዳቤ ስለሰጡኝ ፈጣን መልስ በጣም አመሰግናለሁ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴ የምን ካርድ ነው አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ደብዳቤውን አነበብኩላት። ሦስተኛው ቅሬታ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ፤ ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ለማን አሳየኸው አለችኝ፤ ለማንም አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሽምግልናዬ አላፈረብኝም። በስብሰባው ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል ብለውኝ ነበር፤ ያኔ መልስ አልነበረኝም፣ አሁን አለኝ። ንጹሕ ሰው ሚስቱ ሳታምነው እንዳትቀር ይፈራል። ንጹሕነቱን ከራሱ በቀር የሚያውቅለት አጥቶ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖርን ይፈራል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሬበታለሁ፤ ለእርስዎም ቢሆን አልመኘውም።

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ስለ ዓይኗ የጻፍኩትን ላውጣው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «መታመሜን ሕንፃው ሁሉ ካወቀ፣ እንዴት እንዳወቀም ይወቅ» ነው ያለችው።

ነገ ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም መጥቶ ኮምፒውተሩን አጽድቶ ሊኑክስ ይጭንልናል፤ ጽሑፉን ለዓይኗ እንዲመች አድርጎ ያሰፋላታል፤ መልኩን መልመድ ቢከብዳትም ከእርስዎ ዘብ ጋር ከመኖር ይሻለኛል ብላለች። ጎረቤቶቼ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። የእኛን የይለፍ ቃል የምትሞላው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ ስንጥቁን ስለለመድኩት አይሰለቸኝም። አረንጓዴዋን ካርድና የእያንዳንዱን ቤት ካርድ ለባለቤቱ እንዲያስረክቡ፣ የተወሰደብን ደብዳቤም ቅጂ ካለ በሁላችን ፊት እንዲያጠፉልን እንጠብቃለን።

ለጉልበትዎ ጤናን፣ ለኪስዎ ዕረፍትን፣ ለዓይንዎም የራስዎን ቤት ብቻ የማየት ጸጋን እየተመኘሁ፣

ከልብ አክባሪዎ
ቁልፍ ሠሪው ጎረቤትዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ ትናንት ባለቤቴ እንደገና ሱቄ መጥታ፣ ተራ ሳትጠብቅ፣ ለመሳቢያዋ ሁለተኛ ቁልፍ አስሞርዳ እኔው ዘንድ እንዲቀመጥ ሰጠችኝ። የሰው ቁልፍ ቅጂ ስይዝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ የቁልፉ ባለቤት ራሷ ናት የሰጠችኝ። እንግዲህ የመሳቢያው ቁልፎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ እሷ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሦስተኛ የለም። ይህ ስህተት ሆኖ ካገኙት፣ እንደ ልማድዎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ።