ከወንበራቸው ላልወረዱት ለክቡር ዶን ፌርሚን

ለክቡር ዶን ፌርሚን አልባሬዮስ፣
የአውሮፓ ፓርላማ አባልና ከምክትል አፈ ጉባኤዎቹ አንዱ፤
ስትራስቡርግ፣ ወይም ብራስልስ፣ ወይም ዛሬ ግብዣ ባለበት ስፍራ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይም ሳንባዎን ደህና ያድርግልዎ። ደረጃ ሲወጡ በየሦስተኛው እርከን ግድግዳ ሳይደገፉ፣ ጫማዎን ለማሰር ጎንበስ ብለው ሲነሡ ዓይንዎ ሳይጨልም፣ ስብሰባ የሚመራ ጥርት ያለ ድምፅዎም አንዲት ቀን ሳይሰለል ለብዙ ዘመን ያኑርዎ።

ኦብዱሊያ ካርባዮ እባላለሁ፤ የሶውቴሎ ሰው ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ጥቁሩን የጣሪያ ድንጋይ በሳጥን ስደረድር ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ሰርባንዶ ደግሞ ያንኑ ድንጋይ ሠላሳ አራት ዓመት በመሮ ሲሰነጥቅ ኖሯል። ለምርጫ ቅስቀሳ በመጡ ጊዜ እቤታችን ገብተው የጋገርኩትን የዓሣ እንጎቻ ሁለቴ አስጨምረው ስለበሉ፣ እኛን ቢረሱን እንኳ እሱን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። ያን ዕለት የሰርባንዶን እጅ በሁለት እጅዎ ይዘው፣ «ሰርባንዶ፣ እኔም የድንጋይ ሰንጣቂ የልጅ ልጅ ነኝ። የድንጋይ ብናኙ ጉዳይ ፓርላማ የቀረበ ቀን ተነሥቼ የምናገረው እኔ ነኝ። በእናቴ አፈር!» አሉት። እርስዎ ከወጡ በኋላ ሰርባንዶ፣ «በእናቱ አፈር የማለ ሰው አይዋሽም» አለኝ። እናትዎ ያን ጊዜ በሕይወት እንደነበሩና ዛሬም በኦሬንሴ ከተማ አበባቸውን እያጠጡ በደህና እንደሚኖሩ የሰማነው ቆይተን ነው። ዕድሜ ይስጣቸው።

የማዘጋጃ ቤታችን ጸሐፊ፣ «ቅሬታሽን በቁጥር አስቀምጪው፤ ትልልቅ ሰዎች ቁጥር የሌለው ነገር አያነቡም» ብሎ ስለመከረኝ እንደ ምክሩ አደርጋለሁ።

አንደኛ። በጥቅምት ወር ጉዳያችን ለውይይት መቅረቡን ስንሰማ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን በአውቶቡስ ተነሣን። አንድ ቀን ሙሉ ተጓዝን። ሐኪሙ ሰርባንዶን እንዳይሄድ ከልክሎት ነበር። እሱ ግን ኦክስጅኑን ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ጋሪውን እያሳየኝ፣ «ውሻዬ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ አንቺ ደግሞ ከፊቴ ሂጂ» ብሎኝ ወጣ። በየማደያው ስንቆም ሰው ሁሉ «ወዴት ነው?» ሲለው፣ «እንደራሴያችን ስለ እኛ ሲናገር ልንሰማ» ይል ነበር። ለዚህ ኩራት ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም ጥሩ ኩራት ነበር።

ሁለተኛ። ከቀትር በኋላ ፓርላማው ደርሰን ረዳትዎን ኮሪደር ላይ አገኘናቸው። ደህና ሴት ናቸው፤ መዋሸት ገና አልለመዱም።

«ክቡርነታቸው ዛሬ አይናገሩም፤ ስብሰባውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው» አሉን። «ወንበር ላይ ያለ ሰው ገለልተኛ ነው። ወንበር አይናገርም።»

ሰርባንዶ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «እመቤቴ፣ እኛ እኮ የመረጥነው ሰው ነው፤ ወንበርማ እቤታችንም ስድስት አለን» አላቸው።

«ይረዱን እንጂ፣ ጌታዬ፤ ተራው የሳቸው ሆኖ ነው።»

«ተራውን ማን ሰጣቸው?» አልኩ እኔ።

«ራሳቸው ናቸው። የሌላውን ምክትል ተራ ለምነው ተለዋወጡና…» ብለው ምላሳቸውን ነከሱ።

ክቡር ሆይ፣ አድናቆቴን እንዴት ልግለጸው? ቢናገሩልን የድንጋይ ካባው ባለቤቶች ያኮርፉዎታል፤ ባይናገሩልን እኛ እንቀየምዎታለን። ከሁለቱም የሚያድን አንድ ከፍ ያለ ወንበር ነበር፤ ለምነው ወጡበት። እኛ ሞኞቹ፣ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ላይ የሚወጣው አሻግሮ ለማየት ይመስለን ነበር።

ሦስተኛ። እዚያው ኮሪደር ላይ ሰርባንዶ ሳል ሲጀምረው አንዲት ረጅም፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴት መንገዳቸውን አቋርጠው ቆሙ። ሄሌቪ የሚባሉ የፊንላንድ እንደራሴ ናቸው። በወጣትነታቸው ካናሪ ደሴቶች ላይ ነርስ ሆነው ስለሠሩ ቋንቋችንን ይናገራሉ፤ ሳሉንም ከእኛ በላይ ያውቁታል።

«ይህ የድንጋይ ሳል ነው» አሉ። ነገሩን ስናጫውታቸው፣ «እኔ ዛሬ አንድ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የራሴን ጽሑፍ ትቼ የእናንተን አነበዋለሁ። ጻፉልኝ» አሉን።

ሰርባንዶ እየነገረኝ በአውቶቡሱ የጉዞ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወደ እንግዶች ሰገነት ወጣን። እርስዎ ከታች ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መዶሻዋ ከፊትዎ ነበረች። እውነቴን ነው፣ ያምርብዎ ነበር። ከወይዘሮ ሄሌቪ በፊት አንድ የፓርቲ ወዳጅዎ ተነሥተው የኮሚቴውን ሰብሳቢ፣ የሰብሳቢውን ምክትል፣ የምክትሉን ጸሐፊ ሲያመሰግኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ፈጁ፤ እርስዎም ፈገግ ብለው አዳመጡ። ከዚያ የእሳቸው ተራ ደረሰ። የባለቤቴን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ ሲጀምሩ በጆሯችን ባደረግነው ማዳመጫ አስተርጓሚዋ ወደ እኛ ቋንቋ ትመልሰው ነበር፤ «ስሜ ሰርባንዶ ነው። ድንጋይ ሰንጣቂ ነኝ። የምሠራበት ክፍል ውስጥ ብናኙን የሚያጠፋ ውሃ የሚረጭ ማሽን ቢኖር ኖሮ ዛሬ ራሴ ቆሜ እናገር ነበር። የምለምናችሁ ለእኔ አይደለም…»

መዶሻዎን መቱ። «የተከበሩ እንደራሴ፣ ጊዜዎ አልቋል።»

ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ያልተሰማው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ድካም እንዳይሆንብዎ እዚህ እኔው ላቅርበው፤ «ለእኔማ ረፍዷል፤ እኔ በለቀቅሁት በርጩማ ላይ ለሚቀመጠው ነው» ይላል። ሰዓት ይዤ ሳነበው ስድስት ሰከንድ ይፈጃል።

ቀጥሎ ለሆነው ነገር ቁጥር አልሰጠውም። ጸሐፊው ይቅር ይበለኝ፤ ቁጥር ሊይዘው የሚችል ነገር አይደለም።

ሰርባንዶ ያን ጊዜ ሳለ። ማንንም ለመረበሽ አልነበረም፤ ደንግጦ ነው፤ ሲደነግጥ ትንፋሹ ይሰናከልበት ነበር። መሀረቡን አፉ ላይ ጭኖ፣ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ሊያፍነው ታገለ። ይህን ሳል የማፈን ትግል አይተው አያውቁም፤ ቢያዩት ሰው ሊሰምጥ የያዘ ይመስልዎታል። እርስዎ ቀና ብለው ወደ ሰገነቱ ተመለከቱ። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩት። እንዳወቁን አውቄያለሁ፤ ምክንያቱም ዓይንዎን ቶሎ ወደ ወረቀትዎ መለሱ። ከዚያም ባማረ ድምፅ፣ «በእንግዶች ሰገነት ያላችሁ ሁሉ ጸጥታ እንድትጠብቁ እጠይቃለሁ። አለዚያ ለማስወጣት እገደዳለሁ» አሉ።

አንድ ሥርዓት አስከባሪ መጥቶ አጠገባችን ተንበረከከ። አንገቱ ላይ የብር ሰንሰለት ያደረገ፣ ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ታዝዤ ነው» አለኝ። ሰርባንዶን በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ደግፈን አወጣነው፤ ጋሪው ከኋላ ተከተለን። ሰውየው ውሃ አመጣልን። ኮሪደሩ ላይ አዳራሹን የሚያሳይ ቴሌቪዥን ስለነበረ ከፊቱ አስቀመጠን። አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ቀን ሙሉ ተጉዘን የመጣንበትን ጉዳይ መዘጋት እኔና ሰርባንዶ ያየነው በዚያ መስኮት ነው።

ሁለተኛው አጀንዳ ግን ቀጠለ። የአረቄያችን ስም እንዲጠበቅ፣ ሌላ አገር በስማችን እንዳይሸጥ የሚል ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ወረቀትዎን ሰበሰቡ፣ ኮትዎን ቆለፉ፣ ተነሡ። ሌላ ምክትል አፈ ጉባኤ መጥተው በቦታዎ ተቀመጡ። እርስዎ ደረጃውን ወርደው፣ ከእንደራሴዎቹ መካከል ገብተው፣ ማይክሮፎን ተሰጥቶዎ መናገር ጀመሩ!

«አያቴ ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር» አሉ፣ ድምፅዎ እየተንቀጠቀጠ። «ጠዋት ጠዋት ይህን አረቄ ቀምሶ ነው ወደ ካባው የሚወጣው። ስለ እሱ ክብር ዝም አልልም!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰርባንዶ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኦብዱሊያ፣ አየሽልኝ? ወንበሩ ተናገረ!» አለና ሳቀ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እስኪያልበው ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ደግሞ መሀረቡን ደም አስነካው።

ወይዘሮ ሄሌቪ መጥተው አጠገባችን ሲቀመጡ፣ «ወንበር ላይ ያለ ሰው መናገር አይችልም አልተባልንም እንዴ?» አልኳቸው።

«ይችላል» አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ወንበሩን ለሌላ ይለቅቃል፣ ወርዶ ይናገራል፣ ያ ውይይት እስኪያልቅ ተመልሶ አይመራም። ደንቡ ይኸው ነው። በእናንተም ጊዜ ይችሉ ነበር።»

እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፣ ክቡር ሆይ። በድንጋይ ካባ ውስጥ ብዙ ቆሻሻ አይቻለሁ፤ ሰው ጓደኛው ሲሞት ያየውን የአየር ማውጫ ብልሽት አላየሁም ብሎ ሲፈርም አይቻለሁ። የሞተ አያቱን ሳንባ ይዞ ለአረቄ የሚከራከር ሰው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አገሬ ስገባ እንጎቻውን የበሉበትን ሳህን አወጣሁት። እጅዎ የነካውን ሳህን ደጋግሜ ማጠቤን ስነግርዎ ለክብርዎ ከነበረኝ ግምት የተነሣ እንደሆነ ይቁጠሩልኝ።

በማግስቱ ድምፅ ተሰጠ። ብናኙን የሚቀንሰው ማሻሻያ በሰባት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። የስም ዝርዝሩ ይፋ ሲሆን ከእርስዎ ስም ፊት ድምፀ ተአቅቦ የሚል ተጽፏል። በአውቶቡሱ ወደ አገራችን ተመለስን። ድንበሩን ስናልፍ ሰርባንዶ፣ «ሰው መሀል ሆኜ መሳሌ አሳፍሮኛል» አለኝ። እሱ አፈረ! እርስዎ የት እንደነበሩ አላውቅም።

በመጋቢት ሰርባንዶ አረፈ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለቀብሩ ከበሬ ጋሪ ጎማ የሚተልቅ የአበባ ጉንጉን ላኩልን፤ ከእሱም ጋር በፊርማዎ የታተመ የሐዘን ደብዳቤ። «የሰርባንዶ ድምፅ በስትራስቡርግ ተሰምቷል» ይላል። እውነት ጽፈዋል፣ ክቡር ሆይ። ድምፁ ተሰምቷል። ሳል ነበር፤ እርስዎም አስወጡት።

አሁን ደግሞ ከንቲባችን በሬን አንኳኩቶ፣ እርስዎ ለመንደራችን ቅዱስ ለሳን ሮኬ በዓል መጥተው በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የባለቤቴን ስም የያዘ የመታሰቢያ ድንጋይ እንደሚገልጡ፣ እኔም ጥቁሬን ለብሼ ከጎንዎ ቆሜ ፎቶ እንድነሣ እንደጠየቁ ነገረኝ። ከንቲባው ጨዋ ሰው ስለሆነ መልሴን አለሳልሶ እንዳያደርስብኝ ሠግቼ ይህን ደብዳቤ በዚህ ጋዜጣ አሳትሜ በቀጥታ ልኬልዎታለሁ። መልሴ፣ አልቆምም፤ ነው። በዓሉን ይምጡና ያክብሩ፤ አደባባዩ የሁሉም ነው። የእኔን ደጅ ግን እንዳይረግጡ። ከጎኔ የሚቆመውን ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቀው ነበር፤ ሌላ አያሻኝም።

ወይዘሮ ሄሌቪ በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩን እንደገና እንደሚያቀርቡት ጽፈውልኛል። የቀረነው አሥር ሰዎች እንደገና እንሄዳለን። የዚያን ዕለት ተራ የእርስዎ እንዲሆን ከለመኑ፣ እባክዎ መዶሻውን ሲመቱ ወደ ሰገነቱ ይመልከቱ።

ከበታችዎ ሆና ቀና ብላ በማየት አንገቷ የደከመ፣ ለከፍታዎ ግን የሚገባውን ርቀት ሁሉ ጠብቃ የምትኖር፣

ኦብዱሊያ ካርባዮ፣ የሰርባንዶ መበለት
ሶውቴሎ፣ ሐምሌ

ተጨማሪ፦ የመታሰቢያውን ጽሑፍ የምትቀርጸው ሎሬንሳ የምትባል የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ማዘጋጃ ቤቱ በሰጣት ረቂቅ ላይ የባለቤቴ ስም አንድ መስመር፣ የእርስዎ ስም ከነማዕረግዎ ሦስት መስመር ይዟል። ፊደል በተቀረጸ ቁጥር ብናኝ ይነሣል፤ ሎሬንሳም ከገና ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማሳል ጀምራለች። ስለዚህ የእርስዎን ሦስት መስመር እንድትተወው ነግሬያታለሁ። ለሳንባዋ ስንል ነው።