አሥራ አንዱ መጋረጃዎች፤ የወይዘሮ ቲርዛ ብሌንኪን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቲርዛ ብሌንኪን የመርከብ ገመድ በመግመድ ይተዳደሩ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ሲላስ ኦክስቶቢና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐና ፒክሪንግ በሃል ከተማ፣ ከዓሣ ወደቡ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1919 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ድረስ ተማሩ። ከዚያም መረብ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ተቀጥረው ስድስት ዓመት አገለገሉ። የላላ ቋጠሮ ከእጃቸው አይወጣም ነበር፤ የላላ ቃልም ከአፋቸው እንዲሁ። ያላዩትን አይቻለሁ፣ ያላወቁትን ዐውቃለሁ አይሉም ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው ከዚህ ልማድ የወጡበት አንድ ቀን ስላለ ነው።

በ1939 የዓሣ መርከብ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ኤሞስ ብሌንኪን ጋር በጸሎት ቤታቸው ተጋብተው ሎይስንና ኤድጋርን ወለዱ። የባለቤታቸው እናት ወይዘሮ ኬዝያም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። በ1947 አቶ ኤሞስ ሬዲዮ ገዝተው በፊተኛው ክፍል አኖሩ። ወይዘሮ ቲርዛ ሥራ የሚያስፈታ ዕቃ ወደው ባያውቁም ይህንን ታገሡት፤ የሬዲዮው ጣቢያ አመልካች መርፌ ከለንደኑ ጣቢያ ጥቂት ገፋ ሲደረግ፣ በሩቁ ባሕር ያሉ የመርከብ አዛዦች በየተወሰነው ሰዓት ሲነጋገሩ ይሰማ ነበርና። ልጆቹ ለጨዋታውና ለዘፈኑ፣ እሳቸው መርፌው ለሚገፋባት ለዚያች ጥቂት ቦታ ሲሉ ከአንድ ሬዲዮ ፊት ይቀመጡ ነበር።

የካቲት 4 ቀን 1951 እሑድ ነበር። አቶ ኤሞስ ያሉባት ዊንተርሆልም የተባለችው መርከብ ከአይስላንድ በስተሰሜን ከገባች ዐሥራ አንድ ቀን ሆኗት፣ ከዓርብ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። በጠዋቱ ዜና ብርቱ በረዶና ማዕበል መነሣቱ፣ የሁለት መርከቦችም ድምፅ መጥፋቱ ተነገረ፤ የመርከቦቹ ስም ግን አልተጠራም። ወይዘሮ ቲርዛ ለልጆቹ አልነገሯቸውም። የስብከቱን ፕሮግራም እንደ ወትሮው ቆመው አዳመጡ፤ በየሰዓቱም መርፌውን ወደ መርከቦቹ አዞሩ። የሌሎች ድምፅ ነበረ፤ የዊንተርሆልም አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ ቤተሰቡ በራሽን የተገኘችውን ቍራጭ ሥጋ በድንችና በጎመን ከብቦ ሳለ የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም ጀመረ። አስተዋዋቂውም በጠራ ድምፁ፣ በዊንተርሆልም ላይ ለሚገኙት ለአቶ ኤሞስ ብሌንኪን ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው የተመረጠ ብሎ አንድ የዳንስ ሙዚቃ አሰማ። ዘፈኑ እንዲመረጥ ለጣቢያው ደብዳቤ የጻፉት ወይዘሮ ቲርዛ ራሳቸው ነበሩ፤ የጻፉት ግን በኅዳር ስለነበር ረስተውታል። ልጆቹ በደስታ ከወንበራቸው ተነሡ። ወይዘሮ ኬዝያ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ባሕር ላይ ያለን ሰው ስም ለነፋስ አይሰጡትም፣ ልጄ፤ ነፋስ የሰጡትን አይመልስም» አሉ።

ወይዘሮ ቲርዛ ልጆቹን ወደ ወንበራቸው መለሱ።

ከምሳ በኋላ የቀልድ ጨዋታው ሰዓት ደረሰ። ልጆቹ በሬዲዮው ከሚስቀው ሕዝብ ጋር አብረው ሲስቁ ወይዘሮ ቲርዛ ሳሕን ሊያነሡ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። በዚያን ጊዜ ከማዶ የወይዘሮ ሚኒ ጋፍ መጋረጃ ተዘጋ። ቀጥሎ ያለው ቤት ተከተለ፤ ከዚያም ሦስተኛው። በዚያ መንገድ በቀን መጋረጃ የሚዘጋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ሲዘጋም ሌላው መጀመሪያ ይዘጋል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ባሏ ባሕር ላይ ላለች ሴት ደግሞ መርዶውን ሰፈሩ ከእሷ አስቀድሞ መስማቱ እንግዳ አልነበረም። ወይዘሮ ቲርዛ ቆመው ቈጠሩ፤ ስድስት ደረሰ። ሬዲዮው ይስቃል። ልጆቹ እንዳይደነግጡ አልዘጉትም፤ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ።

ወይዘሮ ሚኒ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው እጃቸውን ያዟቸው።

«ሚኒ፣ ማን ነገረሽ?»

«እኔንማ ማን ይነግረኛል፣ እኅቴ? የአዳ መጋረጃ ሲዘጋ አየሁ፤ ዘጋሁ። አንቺ የሰማሽ መስሎኝ።»

ወይዘሮ አዳ ሜድፎርዝ በወይዘሮ ቲርዛ ጎን፣ በአንድ ግድግዳ ተለይተው የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ነበሩ። ሬዲዮ ስለሌላቸው በየእሑዱ ወንበራቸውን ከግድግዳው አስጠግተው የጎረቤታቸውን ያዳምጣሉ። መጋረጃቸው መዘጋቱ ከወይዘሮ ቲርዛ መስኮት አይታይም፤ ከማዶ ላሉት ግን ግልጥ ሆኖ ይታያል። ወይዘሮ ቲርዛ ገብተው ሲጠይቋቸው እያለቀሱ ነበር።

«በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት፣ ልጄ። የመርከቧን ስም ጠራ፤ ኤሞስ ብሌንኪን አለ።»

«የጠራው እኮ ዘፈን ሊያሰማለት ነው፣ እትዬ አዳ።»

«ዘፈን?» አሉ ወይዘሮ አዳ። «እኔማ የቀብር መዝሙር ነው ብዬ፤ እንዴት ያለ ወግ የለሽ መዝሙር ነው እያልኩ ነበር።»

ስሕተቱ እንዲህ ታወቀ፤ ፍርሀቱ ግን ባለበት ቀረ። መርከቧ እንደጠፋች ናት። ወይዘሮ ቲርዛ ወደ ውጭ ሲወጡ ዐሥራ አንድ መጋረጃ ተዘግቶ ነበር፤ ሴቶቹም በየደጃፋቸው ቆመው ያዩአቸዋል። ለሞት የተዘጋ መጋረጃ ሬሳ ሳይወጣ አይከፈትም፤ የባሕር ሰው ደግሞ ሬሳ የለውም። ስለዚህ የሚከፍት ሰው አልተገኘም።

ወይዘሮ ቲርዛ ከመንገዱ መካከል ቆሙ። «የሞተ ሰው የለም። ክፈቱ» አሉ።

ይህን ሲናገሩ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሰዋስው መምህር ቢጠየቅ «የለም» የሚለው ቃል ነገሩ እንደሌለ ማስታወቂያ ነው ይላል፤ ለምኞት የሚነገረው «አይኑር» ነውና። እሳቸውም ይህን ልዩነት አልሳቱትም። በሚቀጥለው እሑድ በጸሎት ቤት ቆመው፣ ያላወቁትን እንደሚያውቁ አድርገው መናገራቸውን ተናዘዙ። በዚያ ቀን ግን ቃሉ ሠራ፤ ወይዘሮ ሚኒ አስቀድመው ከፈቱ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ወይዘሮ አዳ ብቻ «ሳልሰማ አልከፍትም፤ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ» ብለው ዘግተው ተቀመጡ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የልጆች ተረት ሲጀምር የመርከቦቹም የንግግር ሰዓት ነበር። ወይዘሮ ቲርዛ ተረቱን ከመካከሉ ቈርጠው መርፌውን ገፉ። ኤድጋር ሊያለቅስ ሲል ወይዘሮ ኬዝያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ብዙ ፉጨትና ጩኸት አለፈ። ከዚያ አንድ የማያውቁት አዛዥ፣ ጉንፋን በዘጋው ድምፅ፣ ዊንተርሆልም ከጎኑ እንደቆመች፣ የሬዲዮ ሽቦዋን በረዶ ሰብሮት እንጂ ሃያውም ሰው ሙሉ እንደሆነ ለሌላው ነገረው፤ ወዲያውም ስለ ዓሣ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ወይዘሮ ቲርዛ መርፌውን ወደ ተረቱ መለሱ። ከዚያም ግድግዳውን በጡጫቸው ሦስት ጊዜ መቱ። ከማዶ ያሉት ሴቶች የወይዘሮ አዳ መጋረጃ ሲከፈት አዩ።

አቶ ኤሞስ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ገቡ። ነገሩ ሁሉ ሲተረክላቸው «ለመሆኑ ዘፈኑ ጥሩ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ቲርዛም «አልሰማሁትም» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም ወደ ሬዲዮ አልላኩም፤ ሬዲዮ ሲያዳምጡም ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። የሰፈሩ ልጆች በዚህ ይስቁ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ግን አልሳቁም።

አቶ ኤሞስ ከባሕር ሥራ በጡረታ ወጥተው በ1979 በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ወይዘሮ ቲርዛም ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት በጸሎት፣ በብርድ ቤትና በጥቂት ምግብ ኖሩ፤ ይህንንም እንደ ችግር አልቈጠሩትም። ባለፈው ክረምት የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሐኪም ሲረዱ ቈይተው መጋቢት 12 ቀን 1994 በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ ልጅ ተርፈዋቸዋል።

ከማረፋቸው በፊት ለልጃቸው ለወይዘሮ ሎይስ አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ማንም ሰው ገብቶ በዓይኑ ሳያያቸው መጋረጃ እንዳይዘጋ። ከአሥራ አንዱ ቤቶች ዛሬ የቆሙት አራት ናቸው። ከአራቱም ቤቶች አንድ አንድ ሰው ገብቶ አያቸው፣ ግንባራቸውንም ዳሰሰ፤ ከዚያ ወጥቶ ዘጋ።

በባሕር ላይ ያሉትን በስማቸው የሚያውቅ እግዚአብሔር የእኚህን እናት ስም ከሕያዋን ጋር ይጥራ። አሜን።